መብራቱ የጠፋው በየትኛው «ሀ» ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከዓለም ገና ነው፤ የጅማው መንገድና የቡታጅራው መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ የጽሕፈት መኪናው ከእጄ ወጥቶ እንቁላል ገባበት፤ አሁን ጫጩት እያስፈለፈልኩ ለአካባቢው አርቢዎች እሸጣለሁ። ያመጣሁት ጉዳይ የፊደል ጉዳይ ነው። «ደግሞ የፊደል ክርክር መጣ» ብለው ወደ ጎን እንዳያደርጉብኝ አደራ። ሐመሩ ሐ ይሻር፣ ሃሌታው ሀ ይንገሥ የምል ሰው አይደለሁም። ያን ክርክር ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተውት አላለቀም። የእኔ ክርክር የ412 እንቁላል ክርክር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። የዶሮ እንቁላል ጫጩት ለመሆን 21 ቀን ይፈልጋል። መፈልፈያ ማሽኔ ሲሞላ 528 እንቁላል ይይዛል፤ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሆኖ ሳይዛነፍ መቆየት አለበት። እስከ 18ኛው ቀን ማሽኑ እንቁላሉን እየደጋገመ ያገላብጣል። ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ይቆማል፣ እርጥበት ይጨመራል፣ እኔም በሩን ከመክፈት እቆጠባለሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጆሮዎን ወደ ማሽኑ ቢያስጠጉ ጫጩቶቹ ገና ከቅርፊታቸው ሳይወጡ ሲጮኹ ይሰማሉ። መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ጋቢ ደርቤ አሳልፈዋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ቢጠፋ ግን፣ ያውም በሐምሌ ብርድ፣ ጋቢ አይመልሰውም። ስለዚህ መብራት የሚቋረጥበትን ቀን አስቀድሜ ማወቅ እንጀራዬ ነው። ካወቅሁ ብረት ከሚበይደው ጎረቤቴ ጀነሬተር እከራያለሁ፤ ካላወቅሁ እሱም ጀነሬተሩን ጭኖ ወደ ሥራው ይሄዳል።

«አክስቴ፣ ለምን በኢሜይል አይመጣልሽም?» ያለኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ጎግል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት አለ። የሚፈልጉትን ቃል ይመዘግቡለታል፤ እሱ አዲስ የሚወጡ ገጾችን እየተከታተለ ቃሉ ያለበትን ሲያገኝ በኢሜይል ይልክልዎታል። እኔ የዜና ማንቂያ እለዋለሁ። ልጁ አንድ ቃል አስገብቶ፣ በቀን አንድ ጊዜ እንዲልክ አድርጎ፣ «በቃ» ብሎኝ ሄደ። ነገሩ ግን በቃ የሚባል ዓይነት አልነበረም።

ያስገባልኝ ቃል የሰፈሬ ስም ነበር፤ ዓለም ገና። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ። በማግስቱ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት የገና በዓል በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደሚከበር፣ የገና ዛፍ ከየት እንደመጣ፣ የዓለም ገበያ ገና እንዳልተረጋጋ የሚያወሱ ዜናዎች ተደርድረው ጠበቁኝ። ሰፈሬ ከሁለት የተለመዱ ቃላት የተሠራ ስም እንዳለው ያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት። ሁለቱን ቃላት በጥቅስ ምልክት ማሰር እንደሚያስፈልግ ልጁን ደውዬ ተማርኩ፤ እንደዚያ ሲታሰሩ ተከታትለው በዚያው ቅደም ተከተል ካልመጡ አያመጣቸውም። ገናው ቆመ። ሰፈሩም አብሮ ሊቆም ነበር፤ ምክንያቱም ጋዜጦቻችን ዓለም ገናን አለም ገና፣ ዓለምገና፣ አለምገና እያሉም ይጽፏታል። አራቱንም በየጥቅሳቸው አሰርኩና በመካከላቸው «ወይም» ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቁ ፊደል አስገባሁ። በአማርኛ «ወይም» ብለው ቢጽፉለት እሱንም እንደ ሚፈለግ ቃል ቆጥሮ ሊፈልገው ይሄዳል፤ ሞክሬዋለሁ።

ማስታወቂያ ጸሐፊዎች እኛን ከሰበታ ጋር ስለሚቆጥሩን ቀጥዬ «ሰበታ ከተማ» አልኩት። እሱማ ጎረፈልኝ! ሰበታ ከተማ ነጥብ ተጋራ፣ ሰበታ ከተማ ተረታ፣ ሰበታ ከተማ ተጫዋች አስፈረመ። ለካ በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ወጥቶ የተጫወተ የእግር ኳስ ክለብ አለ። ስለ ኳስ አንድ ነገር የማላውቅ ሴት የክለቡን ዝውውር ከሰፈሩ ወጣቶች ቀድሜ የምሰማ ሆንኩ። ልጁ አሁንም መፍትሔ አላጣም፤ ከማይፈለገው ቃል ፊት ክፍተት ሳይተዉ የመቀነስ ምልክት ማስገባት ነው። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ «ኳስ» የሚለውን ቀነስኩ። የኢሜይል ሳጥኔ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ወድጄው ነበር፤ አንድ ቀን ጎረቤቴ በስልኳ ያሳየችኝን የመቋረጥ ማስታወቂያ እስካይ ድረስ። ማስታወቂያው የሚጠፋባቸውን ቦታዎች ሲዘረዝር «ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ እስከ ኳስ ሜዳው ጀርባ» ይላል። ኳስን ስቀንስ ሜዳውንም፣ ከሜዳው ጀርባ ያለሁትን እኔንም ቀንሻለሁ። ደግነቱ በዚያ ሳምንት ማሽኑ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምቀንሰው በመብራት ማስታወቂያ ውስጥ በምንም ምክንያት ሊገቡ የማይችሉ ቃላትን ብቻ ነው፤ ዋንጫ፣ ተጫዋች፣ ዝውውር። የአገራችን አድራሻ በወፍጮ ቤት፣ በዛፍና በሜዳ የሚነገር ስለሆነ፣ የትኛው ቃል የማን አድራሻ እንደሚሆን አይታወቅም።

ኳሱን ተገላገልኩ ስል አስተዳደራችን ስሙን ለወጠ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ እኛም ከሰበታ ጋር አብረን ተጠቃለልን፤ ማስታወቂያውም «ሸገር ከተማ» እያለ ይወጣ ጀመር። ሸገር ብሎ ማንቂያ መመዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ለጋዜጠኛው አልነግርም። ሸገር የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነው፤ በ102.1 የሚሰማ ሬዲዮ ነው፤ ዳቦ ነው፤ አውቶቡስ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ዳቦ ያነበብኩትን በሕይወቴ አላነበብኩም። «ሸገር ከተማ»ን በጥቅስ አስሬ ከሰበታ ጋር ሳጣምረው ነው ያረፍኩት። በአፋን ኦሮሞ ለሚወጣው ደግሞ ለብቻው ሌላ ማንቂያ ከፈትኩ። በቁቤ ሀ አንዲት ብቻ ስለሆነች እሱ ብዙ አያንከራትተኝም።

ለዶሮ ሥራው የመዘገብኳቸው ቃላትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ዶሮ» ብዬ የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ መፍረስ አንድም ሳይቀር ተከታትያለሁ፤ ሰፈሩን በልጅነቴ ስለማውቀው ግን እሱን ለመቀነስ እጄ እምቢ ብሎኝ ብዙ ቆየ። ክትባትና ለም እንቁላል ከማመጣበት ከተማ ወሬ ብፈልግ «ቢሾፍቱ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ «ደብረ ዘይት» ማለትም አለብኝ። ደብረ ዘይት ካልኩ ደግሞ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ሲደርስ ስብከቱ ሁሉ ይመጣልኛል። ስብከቱን አልጠላሁትም። የዶሮ በሽታን በተመለከተ «ፈንግል» የምትለዋ ቃል ወርቅ ናት፤ አጭር ናት፣ ሁሉም በአንድ ፊደል ይጽፋታል፣ ከአርቢና ከእንስሳት ሐኪም በቀር የሚጠቀምባትም የለም። ማንቂያ የሚፈልገው እንዲህ ዓይነቷን ቃል ነው። «ፉርሽካ»ን ግን አልመክርም፤ ፍሩሽካ የሚልም ፍርሽካ የሚልም አለና።

አሁን ወደ ሐምሌ ልመለስ።

412 እንቁላል አስገብቼ 19ኛው ቀን ላይ ነበርን። ከማለዳው ጀምሮ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ የማሽኑ ማራገቢያ ቆመ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው መስሎኝ ጋቢ ደረብኩበት፤ ከጋቢው ላይ ብርድ ልብስ። በመስተዋቱ ቴርሞሜትሩን አያለሁ። በመጀመሪያው ሰዓት 36 አለ፤ እንቁላሎቹ በዚህ ዕድሜያቸው የራሳቸው ሙቀት ስላላቸው ቶሎ አይወርድም። አራት ሰዓት ላይ 33። ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ፤ ጀነሬተሩን ጭኖ ወደ ፉሪ ወጥቷል። ውኃ በከሰል አሙቄ በጀሪካን እየሞላሁ ከሥር አስቀመጥኩ። አንዱን ጀሪካን አውጥቼ ሌላውን ባስገባሁ ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያሞቅሁት ይወጣል። ስምንት ሰዓት ላይ 28 ነበር። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸው መቀነሱን ያወቅሁት። መብራቱ ሲመጣ ከውስጥ የሚጮኽ ነገር እንዳለ ለመስማት የማራገቢያውን ድምፅ መልሼ ማጥፋት አማረኝ። እስከ 23ኛው ቀን ጠብቄ 57 ጫጩት አወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኢሜይሌን አሥር ጊዜ አየሁት፤ ምንም የለም። በኋላ ልጁ መጥቶ ራሱ ሲፈልግ ማስታወቂያው ከሦስት ቀን በፊት በእርስዎ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ አገኘው። ሰበታ የሚል አለበት፣ ሰዓቱም ቀኑም አለበት። እኔ ግን በማንቂያዬ ከሰበታ ጋር አብሮ እንዲገኝ ያስመዘገብኩት «የኤሌክትሪክ ኃይል» የሚለውን፣ በጥቅስ የታሰረ ነው። የማስታወቂያው ርእስ «የኤሌትሪክ ሀይል» ይላል። አንዲት ክ ወድቃለች፣ ብዙኃኑ ኃ በሃሌታው ሀ ተተክቷል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ሃይል» ይላል። መጨረሻው መስመር ላይ፣ አንባቢን ይቅርታ በሚጠይቅበት ቦታ፣ «ኃይል» የሚለውን በትክክል ጽፎታል፤ ግን ከፊቱ «ኤሌክትሪክ» የለም። በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ኃይል! ታዲያ የእኔ መብራት የጠፋው በየትኛው ነው?

ሰው ሲያነበው ሦስቱም አንድ ነው፤ ዐይን ስሕተቱን ይዘለዋል። ኮምፒውተር ግን ሀን፣ ሐንና ኀን የሚያያቸው ለንና መን እንደሚያይ ነው። ፊደላችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀና ሃ እንኳን፣ በንባብ የማንለያቸው፣ ሁለት ቁጥር አላቸው። ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ተደርጎ የሚሠራ የፍለጋ ሥርዓት እንዳለ ልጁ ነግሮኛል፤ በጥቅስ የታሰረ ቃል ላይ ግን የእኔ ልምድ ያው የሐምሌው ነው።

እንግዲያውስ ሁሉንም አማራጭ ላስመዝግብ ብዬ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሀይል፣ ሃይል፣ ሐይል፣ ሓይል፣ ኀይል፣ ኃይል፤ ስድስት። በአማርኛ ደግሞ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ የኃይል፣ በኃይል፣ ከኃይል፣ ለኃይል ይባላል። ከባዶው ጋር አምስት ሲሆን፣ ስድስት በአምስት ሠላሳ። «ኤሌክትሪክ»ና «ኤሌትሪክ» ሲጨመሩበት ስድሳ። ጎግል ደግሞ ፍለጋው ውስጥ ከ32 ቃል በላይ ያለውን አይቆጥርልዎትም። ስድሳ ኃይል ይዤ ሰበታን የማስገባበት ቦታ አጣሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አርቢ ይህን ሁሉ ስሌት አያውቀውም፤ ለእሱ ኃይል አንድ ቃል ናት።

በዚህ መሐል ትዝ ያሉኝ የቀድሞው አለቃዬ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። የምንተይበውን ደብዳቤ ሁሉ በቀይ እርሳስ አንብበው ነበር የሚፈርሙት። አንድ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ሥራን አንድ ቦታ በንጉሡ ሠ፣ ሌላ ቦታ በእሳቱ ሰ ጻፍኩ። ገጹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «አንቺ ልጅ፣ በአንድ ወንበር ሁለት ሠራተኛ አስቀምጠሻል፤ አንዱን አሰናብቺ» አሉኝ። የትኛውን እንደማሰናብት አልነገሩኝም። ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ንብረት ወሰደ እንደሆነ አሳምረው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የግእዝ ተማሪ ነበሩ። ግን ከታይፒስት የሚጠብቁት ሊቅነት ሳይሆን አንድ ዓይነትነት ነበር። ያኔ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ማስታወቂያ የሚጽፉልን ልጆች አለቃ የላቸውም መሰለኝ።

ከችግሩ ያወጣኝ ግን ፊደል ሳይሆን ጫጩቶቹ ናቸው። ጫጩት በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ የማነጥፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ የእርስዎም ጋዜጣ አለበት፣ አይቀየሙኝ። አንድ ቀን ንጣፍ ስቀይር የቆየ የመቋረጥ ማስታወቂያ አየሁ። ከክምሩ ውስጥ እየለቀምኩ አሥራ አንድ ሰበሰብኩና መሬት ላይ ደርድሬ በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመውን ቃል በእርሳስ አሰመርኩበት። ኃይል በየማስታወቂያው ይለዋወጣል፤ ሰዓት «ሰአት» ይሆናል፤ ሐምሌ «ሀምሌ» ይሆናል፤ ኅዳርማ ተዉት። በዘጠኙ ውስጥ ሳይለዋወጥ የቆመ አንድ ቃል ግን አገኘሁ፤ «የሚቋረጥባቸው»። ኃይል የሚቋረጥባቸው አካባቢዎች፣ ውኃ የሚቋረጥባቸው ቀናት። ሀ የላት፣ ሠ የላት፣ ዐ የላት፣ ፀ የላት። ከማስታወቂያ ጸሐፊ በቀርም በየዕለቱ ወሬው የሚጠቀምባት ሰው የለም። ያን ዕለት ማታ ማንቂያዬን «የሚቋረጥባቸው» ከ«ሰበታ» ጋር ብዬ መዘገብኩ። ስም መፈለጌን ትቼ የጸሐፊውን ልማድ መፈለግ ከጀመርኩ ወዲህ ከሚመጣልኝ አምስት መልእክት አራቱ የሚጠቅመኝ ሆኗል። እንደ እኔ ማስታወቂያ የሚጠብቅ፣ በጨረታ ወይም በሐራጅ የሚተዳደር አንባቢ ካለ ያው ነው፤ «ሐራጅ» አንዴ በሐ፣ አንዴ በሀ፣ አንዴ በሃ ስለምትጻፍ በእሷ አይድከሙ፤ ማስታወቂያው ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበት ግሥ ይፈልጉ።

ሁለት የሚያሳፍሩ ስሕተቶቼንም ልናገር፤ ሌላ ሰው ይድንባቸዋል። ማንቂያው በእርስዎ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ ብቻ እንዲፈልግ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የድረ ገጹን አድራሻ መጻፍ ይቻላል። ስድስት ሳምንት አንድም ነገር አልመጣልኝም። ልጁ መጥቶ ስክሪኑን በአፍንጫው እስኪነካ ቀርቦ አየውና ሳቀ። ሁለት ነጥቡን ያስገባሁት በአማርኛው ገበታ ነበር፤ የቃል መለያያችንን ሁለት ነጥብ። ለዐይን መንታ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን አንዱ ትእዛዝ ነው፣ ሌላው ትርጉም የሌለው ጭረት። ሃያ ሰባት ዓመት በጽሕፈት መኪና ላይ ሁለት ነጥብ የመታሁ ሴት በሁለት ነጥብ ተሸነፍኩ። ሁለተኛው፣ የቆየ ወሬ እንዳይመጣብኝ «2017» ብዬ ዓመቱን ጨመርኩ። የመጣልኝ የፈረንጆቹ 2017 ነው፤ ማለትም እኛ ገና 2009 እና 2010 ላይ ሳለን የሆነው ሁሉ። ዓመት አልጨምርም አሁን።

ከማንቂያው ቅንብሮች ደግሞ አንዱን ብቻ ላንሳ። «ምርጥ ውጤቶች ብቻ» እና «ሁሉም ውጤቶች» የሚል ምርጫ አለው፤ ሲከፈት ምርጡ ላይ ሆኖ ነው የሚገኘው። የሰበታ መብራት መቋረጥ ለማንም «ምርጥ» አይደለም። ወደ «ሁሉም» ይቀይሩት።

ከእርስዎ የምፈልገው ከባድ አይመስለኝም። ኃይልን በሚወዱት ፊደል ይጻፉት። ኀይል ነው ትክክሉ ካሉም እስማማለሁ፤ ሃይል ይቅለለን ካሉም አልከራከርም። ብቻ ዛሬ የመረጡትን ነገም ይምረጡት፣ ማስታወቂያ ተቀባዩም፣ ዜና ጸሐፊውም፣ ስፖርት አምዱም በእሱ ይጻፍ። ሠላሳ፣ አርባ ቃል የያዘ አንድ ገጽ በአራሚዎ ጠረጴዛ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል። የእኔን ዝርዝር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ እንቁላልና ዕንቁላልም አሉበት፣ ምክንያቱም የራሴ ዕቃ እንኳን ሁለት ስም አላት። ስማቸው የተለወጠ ወይም ሁለት ስም ያላቸው ቦታዎች፣ ቢሾፍቱን ከደብረ ዘይት፣ አዳማን ከናዝሬት፣ በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ቢጠሩም ወረቀት አይጎድልም።

አንድ ነገር ግን ከፊደሉም ይብሳል። ማስታወቂያውን በፎቶ ብቻ ድረ ገጹ ላይ ስትለጥፉት ማንቂያዬ ውስጡን አያነበውም፤ ለእሱ ሥዕል ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች ተሠርቶ በፒዲኤፍ የሚወጣውም እንደዚያው ነው፤ በስክሪን ላይ ጥሩ አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ ገልብጠው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ትርምስ ይሆናል። ማንቂያው የሚያየው ያን ትርምስ ነው። ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር በተራ ጽሑፍ፣ ቦታውንና ቀኑን ብቻ ብትጨምሩበት ለእናንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማስታወቂያውን ከፍሎ ያወጣው መሥሪያ ቤትም ቢሆን የከፈለው ሰው እንዲያየው ይመስለኛል።

የሐምሌውን ማስታወቂያ የጻፈውን ልጅ ልወቅስ አልመጣሁም። ቀኑንም ሰዓቱንም በትክክል ጽፏል፤ እኔም በአንዲት ፊደል ላይ ሙሉ ተስፋዬን ጥዬ ተኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አስፈልፍያለሁ፤ ሁለት ጊዜ መብራት ሲቋረጥ ማንቂያው ቀድሞ ነግሮኝ ጀነሬተሩ ከሌሊቱ ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ነበር። አንዴ ደግሞ ነግሮኝ መብራቱ ሳይጠፋ ቀረ፤ የኪራዩን ገንዘብ ግን ጎረቤቴ አልመለሰልኝም።

ደብዳቤዬን ካተሙት አንድ ልመና አለኝ። ርዝመቱን መቁረጥ ይችላሉ፤ ስለ ዶሮ ማነቂያ ያልኩትን ቢያወጡትም አልከፋም። «የ412 እንቁላል ክርክር» የምትለዋን ሐረግ ግን ፊደሏን ሳትነኩ ተዉልኝ። ዛሬ ጠዋት በጥቅስ አስሬ ማንቂያዬ ላይ መዝግቤአታለሁ፤ ደብዳቤዬ መውጣቱን የማውቀው በእሷ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ ታይፒስት፣ ከዓለም ገና